ጓዳ የተቀመጠችው በትር፦ የባሌ ደጋ ሴቶች በሦስት ትውልድ

በባሌ ደጋ አንዲት ልጅ በወግ በማዕረግ ስትዳር ከእናቷ እጅ የምትቀበላት አንዲት ቀጭን በትር አለች። ቀጥ ያለች፣ የተላገች፣ ቅቤ የጠጣች በትር። ከብት አይነዳባትም፤ ምርኩዝም አትሆንም። ሙሽራዋ አዲሱ ቤቷ ስትገባ ከጓዳ፣ ከመኝታዋ አጠገብ ታኖራታለች። በየቀኑ አትነካትም። የበትሯ ስም ሲንቄ ነው።

ዛሬ ሲንቄን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባለሥልጣን ሲመጣ፣ ድልድይ ሲመረቅ፣ እርቅ ሲታወጅ እናቶች በትራቸውን ይዘው በሰልፍ ይታያሉ፤ ዜና አንባቢውም «አባ ገዳዎችና ሀደ ሲንቄዎች በተገኙበት» ይላል። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ባንክነት ሲያድግ ስሙን ሲንቄ ባንክ ብሎታል። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ የበትሯ ስም በቅርንጫፍ በር ላይ ተሰቅሏል።

ግን ይህች በትር ጌጥም አርማም አልነበረችም። ሕግ ነበረች። ያውም ሴቶች ማንንም ወንድ ሳያስፈቅዱ በራሳቸው የሚያስነሱት ሕግ። ስለ ገጠር ሴቶች መደጋገፍ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ደግነት ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ቡና ሲያፈላ፣ ለአራስ ገንፎ ሲያገነፋ፣ ለሐዘንተኛ ውኃ ሲቀዳ። እሱም አለ፤ ባሌም ውስጥ ሞልቷል። የሲንቄ ታሪክ ግን የደግነት ሳይሆን የግዴታ ታሪክ ነው። ደግ ሴት ጎረቤቷ ስትደበደብ ታዝንላታለች። የሲንቄ ሕግ ያለባት ሴት ግን ብታዝንም ባታዝንም፣ ብትወዳትም ብትጠላትም፣ የጀመረችውን ሥራ ጥላ የመውጣት ዕዳ አለባት።

አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በኋላ ምን እንደጎደለ አይታይም።

የባሌ ደጋ ገጠር ነዋሪ አብዛኛው አርሲ ኦሮሞ ነው። በአርሲዎች ዘንድ «ዋዩ» የሚባል ነገር አለ። በአንድ የአማርኛ ቃል አይተረጎምም፤ ክቡር ማለትም ነው፣ የማይደፈር ማለትም ነው፣ የሚፈራ ማለትም ነው። አማት ለልጇ ባል ዋዩ ናት። ሲንቄ የያዘች ሴት ዋዩ ናት፤ መንገድ ላይ ያገኛት ወንድ ቆሞ ያሳልፋታል። በሁለት ተፋላሚዎች መካከል ሲንቄ ይዘው የገቡ ሴቶች ካሉ ጦር ይወርዳል። የወለደች ሴት ደግሞ «ቀነፋ» የሚባል ምልክት በግንባሯ ታስራለች፤ ያንን አስራ ባለችባቸው ወራት ሊመታት ቀርቶ ክፉ ቃል ሊወረውርባት የሚደፍር ባል ሕግ ጥሷል። በአርሲ ሴቶች መካከል ይህንኑ ጉዳይ ያጠናችው ኖርዌያዊቷ ማሪት ቶሎ ኦስተቦ የምታስረዳውም ይህንን ነው፤ ከተሜው «መብት» ብሎ የሚጠራውን ነገር እነዚህ ሴቶች ዋዩ በሚለው የክብር ቋንቋ ሲናገሩት ኖረዋል።

ሕጉ ሲጣስስ? የተደፈረችው ሴት ሲንቄዋን ከጓዳ አንስታ እየጮኸች ትወጣለች። ጩኸቱን የሰማች ሴት የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣና ለቀጣዩዋ ታስተላልፋለች። ሊጥ ያቦካች ሊጧን፣ ወተት የምትንጥ ቅሏን፣ የምታጠባም ሕፃኗን ሳይቀር ጥላ ትወጣለች። በደቂቃዎች ውስጥ መንደሩ ሴት አልባ ይሆናል። ሴቶቹ ከመንደሩ ወጥተው ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ይቀመጣሉ፤ አቴቴ ያዜማሉ፤ በዜማው የአጥፊውን ስም እየጠሩ ያዋርዱታል። ወደ ቤት ተመለሱ ብሎ የሚያዝዛቸው የለም። ሽማግሌ ይላካል፤ ይለመናሉ። አጥፊው ጥፋቱን አምኖ ጊደር ያቀርባል፤ ጊደሯ ለሴቶቹ ትታረዳለች፤ ሴቶቹም መርቀው ይመለሳሉ። እምቢ ካለ እርግማናቸው ይጠብቀዋል። የእናቶችን እርግማን ደግሞ በባሌ ማንም በቀላሉ አይሸከመውም።

እርግማኑን ለማያምን ሰው እንኳ ነገሩ ግልጽ ነው። በከብት በሚኖር አገር ወተቱን፣ ቅቤውን፣ እሳቱንና ሕፃኑን የያዘችው ሴት ናት። ላሟን የምታልበው ሴት ስትወጣ ጥጃው ያላዝናል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እንግዳ ቢመጣ የሚቀርብለት የለም። አንድ ቀን ይቻል ይሆናል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን የመንደሩ ወንድ ሁሉ ያንን አንድ ተደባዳቢ ሰው «ካስ!» ብሎ ያስጨንቀዋል። በዛሬ ቋንቋ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ልዩነቱ የአድማው አባል ለመሆን መመዝገብ አያስፈልግም ነበር፤ ከእናት እጅ በትር መቀበል ብቻ ይበቃል።

ይህን ሲሰሙ «ያ ዘመን ወርቅ ነበር» ማለት ይቀናል። አልነበረም። ሲንቄ የምትሰጠው በወግ ለተዳረች ሴት ነው፤ ተጠልፋ የተወሰደችው ልጅ ያለ በትር ነው ቤት የምትገባው፤ ይበልጥ ጥበቃ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት ከነከብቱ ለባሏ ወንድም ትተላለፍ ነበር፤ ይህንንም በትሯ አላስቀረችውም። የሴት ልጅ ግርዛትንም አላስቆመችም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጅ ከአባቷ ቤት በትር ይዛ ትወጣለች እንጂ መሬት ይዛ አትወጣም። ክብር ነበራት፤ ርስት አልነበራትም። ይህ ነጥብ ወደኋላ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ በሦስት ሴቶች ዕድሜ መለካት ይቻላል፤ በአያት፣ በእናትና በልጅ። የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም፤ በሲናና፣ በጎባ፣ በዲንሾ፣ በአጋርፋና በጋሰራ ገጠሮች የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

አያትየዋ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዳረችው ናት። በዚያን ጊዜ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ ከሳነቴ አምባ ግርጌ፣ ብርድ የማይለቃት የሹማምንትና የወታደር ከተማ። ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የምትገኝ ጎረቤቷ ናት፤ የዛሬውን ማዕረጓን ያገኘችው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ጎባ ከሰሜን የመጡ የወታደርና የጸሐፊ ሚስቶች የጽዋ ማኅበራቸውን፣ ሰንበቴያቸውን፣ በኋላም እድራቸውን ተክለዋል፤ እነሱም ከዘመድ ርቀው በባዕድ አገር አራስና ሬሳ የሚያነሳላቸው ይፈልጉ ነበርና። ገበያ ላይ ቅቤና ገብስ ይዛ የምትመጣው የገጠር ሴትና የጎባዋ እመቤት አንዷ የሌላዋን ሥርዓት ዓመታት ፈጅቶባቸው ተማማሩ። ይህ የጎባ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለአያትየዋ ግን የዘመኑ ትልቁ ነገር ቀላድ ነበር። በ1940ዎቹ መሬት እየተለካ ሲመዘገብ የብዙ አርሶ አደርና አርብቶ አደር ይዞታ በግብር ስም እየተቆረጠ ለሌላ አለፈ። ግብሩ በመሬትም በከብትም መጣ። እዚህ ላይ ነው ሲንቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳ ጋር የተላተመችው። ሲንቄ የምትሠራው በሚያውቃትና በሚፈራት ሰው ላይ ነው። ዋዩ ምን እንደሆነ የማያውቅ ግብር ሰብሳቢ ወይም ነጭ ለባሽ ፊት ሴት በትር ይዛ ብትጮህ ለእሱ ጩኸት ብቻ ነው። ጊደር የሚያስከፍለው ሽማግሌ የለበትም፤ እርግማኗም ቋንቋውን አይናገርም። ጥፋተኛው ከውጭ ሲሆን ሕጉ ዳር ድንበሩን አገኘ።

ከዚያ የባሌ አመፅ መጣ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በቆየው በዚህ ጦርነት ላይ ገብሩ ታረቀም ቴርየ ኦስተቦም ጽፈዋል፤ ዋቆ ጉቱ በ1962 እጁን እስከሰጠበት ጊዜ ድረስ የጦር አበጋዞቹ ስም፣ የጎሳው አሰላለፍ፣ የግብሩ ዝርዝር ይገኛል። የሴቶችን ስም እየፈለገ የሚያነብ ሰው ግን ብዙ ገጽ ሳይቀናው ይገለብጣል። ሆኖም በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል ከሰው ጋር ከብትም አልቋል፤ ከብት ሲያልቅ ደግሞ የጠፋው የባል ሀብት ብቻ አይደለም። ወተቱና ቅቤው የሴቷ ነበር። ጎረቤት ስትወልድ ይዛ የምትሄደው ቅቤ፣ ልጅ ሲዳር የምታዘጋጀው ጭኮ፣ ገበያ ወስዳ ጨው የምትለውጥበት ሁሉ ከዚያች ላም ነበር። ላም የሌላት ሴት በሌላዋ ጓዳ ባዶ እጇን ለመግባት ታፍራለች። የድጋፉ ሰንሰለት የሚበጠሰው በጠብ ብቻ ሳይሆን በእፍረትም ነው።

ታዲያ እንዴት ተመለሰ? ብዙው በከብት ተመለሰ። ከብት የተረፈው ዘመድ ላም «ዳበሬ» ይሰጣል፤ ላሟ የሰጪው ሆና ትቀራለች፣ ወተቷ የተቀባይዋ ቤት ይሆናል። ስምምነቱን የሚያወሩት ወንዶቹ ናቸው፤ የማን ቤት ሕፃን ወተት እንዳጣ የምታውቀውና በባሏ ጆሮ ማታ የምታንሾካሹከው ግን ሴቲቱ ናት። እንዲህ ያለው ሥራ በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

እናትየዋ የደርግ ዘመን ሴት ናት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባቱን ነገር ዘጋው፤ ባሌ ውስጥ ይህ ቀላል እፎይታ አልነበረም። ግን መሬቱ ለቤተሰብ ኃላፊ ተሰጠ፤ ኃላፊው ደግሞ ባል ነው። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ በራሷ ስም የገባችው በአብዛኛው ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ነበረች። በ1969 መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ገባ፤ ጦርነቱ የባሌን ቆላ አዳረሰው፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት ሕዝቡን ወደ መንደር ሰበሰበው። ባሌ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተጀመረባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዷ ናት። ተበታትነው በየእርሻቸው ዳር የነበሩ ቤቶች ፈርሰው በገመድ በተለካ መስመር ተደረደሩ።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። በመንደሩ ውስጥ ሴቶች ከመቼውም ይልቅ ተቀራርበው ነበር የሚኖሩት። አንዷ ብትጮህ ሁሉም ይሰማል። ሲንቄ ግን አልጠነከረችም። ጩኸቱን የሚሰማው የመንደሩ ሊቀመንበርም ነዋ! በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር እስከ ገጠር ቀበሌ ወረደ፤ ሴቶችን ሰበሰበ፣ መዋጮ ሰበሰበ፣ ለግንባር ስንቅ አዘጋጀ። ባሏ የሚደበድባት ሴት አቤቱታዋን ለማኅበሩ እንድታቀርብ ተነገራት። አንዳንዷ ሄዳለች፤ ተጠቅማለችም። ግን ስብሰባው የሚጠራው ከላይ ነበር። ሴቶች በአንድ ቀን ሥራ ጥለው ከመንደር እንዲወጡ የሚያደርግ፣ ማንም ያልፈቀደው ጩኸት ለዚያ ሥርዓት ኋላ ቀርነትም ነው፣ ሁከትም ነው።

ለእናትየዋ ደርግ የሰጣት አንድ ነገር ግን አይካድም፦ ፊደል። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ በኦሮምኛም ተሰጥቷል፤ የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነበር። ቀን ስትፈጭና ስታልብ ውላ ማታ በኩራዝ «ሀሁ» የቆጠረች የባሌ ሴት በገዛ ቋንቋዋ ስሟን ጻፈች። አሥር ዓመት ከምናምን በኋላ ልጇ ትምህርት ቤት ስትገባ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍ ጀምሮ ነበር። እናት የልጇን ደብተር ማንበብ አልቻለችም፤ ልጅ የእናቷን የምስክር ወረቀት ማንበብ ከበዳት። ቁቤ ለኦሮምኛ ይሻላል አይሻልም የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ የሆነው ግን ይህ ነው። የትውልድ መቆራረጥ የሚባለው አንዳንዴ እንዲህ በአንዲት ደብተር ላይ ይታያል።

ሃይማኖቱም በዚሁ ዘመን እየተለወጠ ነበር። የባሌ ሙስሊም ሴቶች ለረጅም ጊዜ ድሬ ሼክ ሁሴንን ሲጎበኙ፣ ስእለት ሲያስገቡ፣ ልጅ ሲለምኑ ኖረዋል፤ አቴቴውም ከዚያ ጋር ጎን ለጎን ይኖር ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሳውዲ ተምረው የተመለሱ ሼኮች ሮቤና አካባቢዋ ላይ ይህ ሁሉ ከእስልምና ውጭ ነው እያሉ ማስተማር ያዙ፤ ከ1983 በኋላ ትምህርቱ በስፋት ተሰራጨ። ብዙ ሴቶች አቴቴን ተዉ። የሲንቄ ዜማ በጠፋበት ቤት ሁሉ ሕጉም አብሮ ደከመ፤ ምክንያቱም ዜማው ነው ሴቶቹን የሚያስተሳስራቸው።

ይሁን እንጂ ይህንን እንደ ኪሳራ ብቻ የሚቆጥር ሰው ግማሹን ነው የሚያየው። በእስልምና ሕግ ሴት ልጅ ከአባቷ ትወርሳለች፤ የወንድሟን ግማሽ ቢሆንም ትወርሳለች። የሟችን ሚስት ያለ ፈቃዷ መውረስ ደግሞ በቁርኣን የተከለከለ ነው። ሲንቄ ያልደረሰችባቸው ሁለቱ ቦታዎች እነዚህ ነበሩ። ሼኩ ፊት ቀርባ «ድርሻዬን» ያለች የባሌ ሴት አያቷ ጮኻ ያላገኘችውን ጠይቃለች ማለት ነው። ሁሉም አገኙ ማለት አይደለም፤ ወንድም በመስጊድ የሚሰማውን ሁሉ በመሬት ላይ አይፈጽምም።

ልጅየዋ ከ1983 በኋላ ያደገችው ናት፤ አሁን እሷም እናት ሆናለች። በወረቀት ከአያቷም ከእናቷም ትበልጣለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 አላት። ኦሮሚያ በ1995 ያወጣው የቤተሰብ ሕግ አላት። የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር በባልና ሚስት ስም ሲወጣ ስሟ ገብቷል፤ ከሺህ ንግግር ይህች ደብተር ትበልጣለች። ባል ላይ ሁለተኛ ሚስት ስትመጣ የሁለተኛዋ ነገር የት ይወድቃል የሚለው ግን ባሌ ውስጥ ትልቅ ጣጣ ነው። ሁለተኛ ሚስት ያልተለመደበት አገር የሚኖር ሕግ አርቃቂ ይህን ጣጣ አያውቀውም።

ግን እርሻው ተለወጠ። ሲናናና አጋርፋ ዛሬ የስንዴ አገር ናቸው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻዎች ትራክተርና ኮምባይነር ይዘው መጡ፤ በ1978 የተቋቋመው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከልም የስንዴና የገብስ ዘሮችን አላመደ። አሁን በጋናም በቦናም፣ በሁለቱም የምርት ወቅቶች፣ አርሶ አደሩ ኮምባይነር ይከራያል። ደቦ የሚያስጠራ አጨዳ ቀረ። አረሙን መድኃኒት ይፈጀዋል፤ የአራሚ ሴቶች ሰልፍ ቀረ። ጉልበታቸው ዐረፈ፤ ይህን ማንም አይጠላም። ሆኖም ሴቶች ያለ ሰበብ አይሰበሰቡም ነበር። እርስ በርስ የሚተያዩት፣ ያበጠ ፊት የሚያዩት፣ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚባባሉት በአረሙና በደቦው ምግብ ዝግጅት ላይ ነበር። ኮምባይነሩ በሰዓታት አጭዶ ሲሄድ ያንን ጥያቄ ይዞት ሄዷል።

መንግሥትም ሴቶችን መሰብሰብ አልተወም። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የሴቶች ልማት ቡድንና «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት መጣ። አንዷ ሴት አምስት ጎረቤቶቿን ትይዛለች፤ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ልጇን እንዳላስከተበች፣ ማን ሽንት ቤት እንዳልቆፈረች ታውቃለች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትነግራለች። ቤት ውስጥ ስትወልድ ደም ፈሷት የምትሞት እናት እንድትቀንስ ይህ ረድቷል፤ መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ግን አወቃቀሩን ከሲንቄ ጋር አስተያዩት። በሁለቱም ጎረቤት ጎረቤትን ትጠብቃለች። በአንደኛው መረጃው ወደ ላይ ይወጣል፤ በሌላው ጩኸቱ ወደ ጎን ይሄዳል። አንድ ለአምስቷ ሴት ጎረቤቷ መደብደቧን ብትሰማ ቅጹ ላይ የምትሞላበት ቦታ ነበራት?

የሚገርመው፣ በትሯ ከባሌ ጓዳ እየደከመች በሄደችበት በዚያው ጊዜ ስሟ በዓለም መታወቅ ጀመረ። በ1989 ዓ.ም. ግድም ስለ ሲንቄ ተቋም በእንግሊዝኛ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዷ ማርታ ኩዌ ኩምሳ ናት፤ የወለጋ ልጅ፣ ጋዜጠኛ፣ በደርግ ጊዜ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ታስራ ወደ ካናዳ የተሰደደች። የእሷ ክርክር አጭር ነው፤ ገዳ የወንዶች ሥልጣን ከሆነ፣ ሲንቄ ያንን ሥልጣን የሚገታ የሴቶች ልጓም ነበረች። ኅዳር 2009 ዩኔስኮ ገዳን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የሲንቄም ስም አብሮ ተነሳ። ጥናቱ በዛ፣ መድረኩ በዛ፣ ሀደ ሲንቄ የሚለው ማዕረግ በቢሮክራሲው ቋንቋ ገባ።

ከዚህ ሁሉ አንዱም መጥፎ አይደለም። ባንኩም ለሴት ቢያበድር መልካም ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የድሮዋ ሲንቄ ኃይሏ ሳትጠራ መምጣቷ ነበር። ማንም ቀን አልቆረጠላትም፤ ወንበር አላዘጋጀላትም፤ አበል አልከፈላትም። እንዲያውም ስትመጣ መንደሩ ይደነግጥ ነበር። የዛሬዋ በደብዳቤ ትጠራለች፤ ተጠርታም ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ መርቃ ትሄዳለች። በጥሪ የመጣች በትር ደግሞ የጠራትን ሰው ጥፋት ለመናገር ትቸገራለች። በእናቶች ምርቃት የተከፈተ ስብሰባ ላይ የእናቶች ተቃውሞ በአጀንዳ ተይዞ የታየው ስንት ጊዜ ነው?

ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። ሮቤ ላይ ወይም ከሮቤ ወጣ ባለ ቀበሌ አንዲት ሴት ዛሬ ብትደፈር ወይም ብትደበደብ የምትሄድባቸው በሮች ከአያቷ ይልቅ ብዙ ናቸው፦ ፖሊስ አለ፣ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፣ የሼኩ ወይም የቄሱ ደጅ አለ፣ ባህላዊው ሸንጎ አለ። ሁሉም በር ግን እሷ ብቻዋን ተነስታ፣ ምናልባት ሕፃን አዝላ፣ ምናልባት የትራንስፖርት ተበድራ እንድታንኳኳ ይጠብቃል። የአያቷ ሕግ አንዲት ሴት ብቻዋን የማንንም በር እንድታንኳኳ አልጠየቀም፤ መጮህ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ የቀረው የሌሎቹ ዕዳ ነበር።

እና ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተረስቷል? አንድ ቦታ ላይ አልተረሳም፤ እሱም ወሊድ ነው። ሩቅ ገጠር ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ትገባለች። ማቆያው አልጋና አዋላጅ አለው፤ ቅቤ ግን የለውም። ቅቤውን የሚያመጡት የመንደሯ ሴቶች ናቸው። በየተራ ይመጣሉ፤ የገብስ ዱቄት፣ በሳር ክዳን የተሸፈነ ቅቤ፣ ጭኮ ይዘው፤ ማን ነገ እንደሚመጣ፣ ማን የአራሷን ላም እያለበ እንደሆነ፣ ማን ልጆቿን እንዳሳደረ ያውቃሉ። ዝርዝሩ በወረቀት አልተጻፈም። ተራዋን የዘለለች ሴት ቅጣት የለባትም፤ ግን በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሁሉም ይጠይቃታል፣ ምክንያት ማቅረብም አለባት።

ሕፃኑ ተወልዶ እናትየዋ ቤቷ ስትገባ በብዙ ቤት ቀነፋው አይታሰርም፤ አንዳንዷ ከሃይማኖት አንጻር ትተዋዋለች፣ አንዳንዷ አታውቀውም። አሮጊቶቹ ግን እነዚያን ወራት ይቆጥራሉ። ባልየው ድምፁን ከፍ ካደረገ ከደጅ ሆና የምታስል አንዲት ሴት አትጠፋም፤ ስታስል እሷ እዚያ መሆኗን እንዲያውቅ ነው።